ባዶ ትራይ ካች መፍትሔ አይደለም

ዛሬ ለሪቪው የመጣልኝን ኮድ አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው። የሠራተኞች ደመወዝ በዋይል ሉፕ ይደመራል። ኮንዲሽኑ ላይ < መሆን ሲገባው <= ስለተጻፈ ሉፑ መጨረሻ ላይ የሌለ ኢንዴክስ ይጠይቃል፤ ጃቫም ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ኮዱን የጻፈው ልጅ ኮንዲሽኑን አላረመም። ሉፑን በሙሉ በትራይ ካች ከበበና ካቹን ባዶ ተወው። ለምን ስለው «ቴሌግራም ላይ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት» አለኝ። ገብቼ አየሁ፤ እውነቱን ነው።

እሺ፣ በዋይል ሉፕ ላይ የሚሠሩ ስህተቶችን በቅደም ተከተል እንያቸው።

1. ወሰን። 5 ዕቃ ያለው አሬይ የመጨረሻ ኢንዴክሱ 4 ነው። ከ0 ጀምሩ፣ ከርዝመቱ በታች አቁሙ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 ለዚህ አቆጣጠር ምክንያቱን ጽፎ ጨርሶታል።

2. የማይጨምር ቆጣሪ። መርሳቱን ሁሉም ያውቃል። የሚደበቀው ግን ከቆጣሪው መስመር በላይ በኢፍ ውስጥ ኮንቲኒው ስትጽፉ ነው፤ ያ ኢፍ እውነት በሆነ ጊዜ ቆጣሪው ይዘለልና ሉፑ እዚያው ይቀራል። ትልልቆቹም አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 የማይክሮሶፍት ዙን ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ባለ 30 ጊጋባይቱ፣ በየቤቱ ደርቆ ቀረ። ዓመቱ 366 ቀን ነበረው። ሉፑ «ቀኑ ከ365 ከበለጠ ዙር» ይላል፤ ውስጥ ያለው ኢፍ ግን በእንዲህ ያለ ዓመት የሚቀንሰው ቀኑ ከ366 ሲበልጥ ብቻ ነው። በ366ኛው ቀን ምንም የሚቀነስ የለም፣ ሉፑም አይቆምም። ለተጠቃሚው የተሰጠው ምክር ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቁና በማግስቱ አብሩት የሚል ነበር።

3. የኮንዲሽን ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ኢንዴክሱ ከርዝመቱ ማነሱን፣ ከዚያ && ብላችሁ ዋጋውን ጠይቁ። ከገለበጣችሁት ወሰኑን ሳታረጋግጡ አሬዩን ነክታችኋል።

ወደ ትራይ ካቹ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያናደደኝ እሱ ነው። አደገኛ የሚያደርገው ውጤቱ ትክክል መምሰሉ ነው። ኤክሴፕሽኑ የሚመጣው ድምሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ቁጥሩ ልክ ይወጣል፣ ልጁም «ሠርቷል» ይላል። አሁን በአሬዩ መሐል የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ነል ሆኖ ይምጣ። ያው ባዶ ካች፣ ማንኛውንም ኤክሴፕሽን የሚይዝ ከሆነ፣ እሱንም ይውጠዋል፤ ሉፑ እዚያ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሠራተኞች በሙሉ ከድምሩ ይወድቃሉ። ኤረር የለም፣ ሎግ የለም። የሰው ደመወዝ ነው እኮ!

ኤክሴፕሽን ጠላት አይደለም፤ ስህተቱ የት መስመር ላይ እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሲ ላይ ይህ ዕድል የለም፤ ከአሬዩ ውጭ ያለውን ሜሞሪ ዝም ብሎ ሊያነብላችሁ ይችላል። ጃቫስክሪፕት አንዲፋይንድ ይሰጣችሁና ድምሩን ያበላሸዋል። ፓይተን ላይ ኢንዴክሱ -1 ከሆነ ከኋላ ያለውን ዕቃ ያነሳል እንጂ አይጮህም። ጃቫ ሲጮህላችሁ አፉን ታፍኑታላችሁ?

የትምህርት ተቋማቱንም ዝም ብዬ አላልፍም። ዋይል ሉፕን በወረቀት ፈተና «ውጤቱ ስንት ነው» ብሎ ብቻ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ዲበገር ከፍቶ መስመር በመስመር መሄድ ያልተለማመደ ተመራቂ ቃለ መጠይቅ ላይ ይመጣል። ሥልጠና ብለው ገንዘብ የሚሰበስቡትም ያንኑ ሃንድአውት ያባዛሉ።

ደግሞ እየዞራችሁ ከሊስት ዕቃ የምታጠፉ፦ ስታጠፉ ቀጣዩ ወደ ቦታው ይጠጋል፣ ቆጣሪውን ከጨመራችሁ ዘለላችሁት። ያጠፋችሁበት ዙር ላይ አትጨምሩ፣ ወይም ከኋላ ጀምሩ።

ሉፕ ጽፋችሁ ስትጨርሱ በባዶ አሬይ፣ አንድ ዕቃ ብቻ ባለው፣ መሐሉ ላይ ነል ባለበትም ሞክሩት። ያንን «መፍትሔ» የለጠፋችሁ የቻናል ባለቤቶች ደግሞ ፖስቱን አንሱት፤ ጀማሪዎች እያመኗችሁ ነው።