ትንፋሽ የት ይወሰድ?

ተማሪዎቼ ፈጣን ነገር መንፋት ይወዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ ጣት ሲፍታታ ደስ ይላል፣ ሰሚም ያጨበጭባል። ትራምፔት ነፊ የሚለየው ግን ዝግ ባለ ዘፈን ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ደጋግሜ የማሰማቸው አልበም «ክሊፎርድ ብራውን ዊዝ ስትሪንግስ» ነው።

ትራምፔት ነፊው ክሊፎርድ የዊልሚንግተን ልጅ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሐበሻው ላንድማርክ እያለ ከሚጠራው ከዚህ ሰፈራችን በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስነዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 1955 ኒውዮርክ ውስጥ በሦስት ቀን 12 ዘፈኖችን ሲቀዳ ዕድሜው 24 ነበር። የሚያጅቡትን የክር መሣሪያዎች ኒል ሄፍቲ አቀናበረለት፤ ማክስ ሮች ከበሮ፣ ሪቺ ፓውል ፒያኖ ተጫወቱለት። በሰኔ 1956 ክሊፎርድና ሪቺ በመኪና አደጋ አብረው ሞቱ።

ፈጠራ የለበትም፣ ዜማውን ብቻ ነው የነፋው ብለው አልበሙን የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ የምወደው ግን ለዚሁ ነው። ቫዮሊን ተጫዋች ትንፋሽ አያልቅበትም፤ ደጋኑን እየመለሰ ድምፁን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ትራምፔት ነፊ መተንፈስ ግድ ይሆንበታል። ከኋላው የማይቋረጥ የክር ድምፅ ተዘርግቶ ሲነፋ የት እንደተነፈሰ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ መደበቂያ የለውም። ክሊፎርድ ረጅሙን ኖታ መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ይይዘውና ወደ መጨረሻው ያርገበግበዋል። የሚተነፍሰውም ሐሳቡ ባለቀበት ነው፤ ግጥሙን በልቡ የሚል ይመስላል።

ሰሞኑን እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ልጅ ከዚያው አልበም «ዋትስ ኒው»ን ነፋልኝ። ቦብ ሃጋርት በ1938 ለትራምፔት የደረሰው ዜማ ነው፤ ግጥም የተገጠመለት በኋላ ነው። ልጁ አንድ ኖታ አልሳተም። ነገር ግን አየር ባለቀበት ሁሉ እየቆመ ዜማውን ቆራረጠው።

«ዘፈኑ ስለ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

የተለያዩ ፍቅረኞች ከብዙ ጊዜ በኋላ ይገናኛሉ። አንደኛው እንደ ዋዛ ደህንነት ይጠይቃል፤ ልቡ ግን ዛሬም አልተወም። ይህን ስነግረው እናቱ ከጥግ ሆነው «ታዲያ ይሄ ትዝታ አይደል? እሱን ይንፋልን» አሉ።

ደግ ሐሳብ አመጡ። ልጁን ትራምፔቱን አስቀምጥና እናትህ የሚያውቁትን ስንኝ ከአፋቸው ተቀብለህ በቃልህ በል አልኩት። ትዝታ ብዙውን ጊዜ በወል ቤት ነው የሚዘፈነው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም። ያችን ዕረፍት ከለመደ በኋላ ሲነፋ ትንፋሹን የት ልውሰድ ብሎ አልጠየቀኝም። ወደ «ዋትስ ኒው» ስንመለስም ግጥሙን አስቀድሞ ማንበብ ፈለገ።

የሚቆጨኝ ነገር አለ። በእኛ ባንዶች ትራምፔት አብዛኛውን ጊዜ ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ የሚቀበል ነው። በሙላቱ አስታጥቄ «ትዝታ» እንኳ ዜማውን የሚመራው ሳክስፎን ነው። ትዝታን፣ አምባሰልን፣ ባቲን በትራምፔትና በክር መሣሪያዎች ብቻ፣ ሳይቸኩል የሚነፋ ሰው መስማት እፈልጋለሁ። ከስልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በየትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ቫዮሊን የሚጫወቱ ልጆች አሉን። ለመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይበቃኛል፤ ቅንብሩን እኔ እጽፋለሁ።