ማግኒዥየምና የተዛባ የልብ ምት፦ የሚጠቅምበትና የማይተካው ቦታ

መግቢያ

በሳሪስ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ የልብ ምታቸው የተዛባ ሕሙማን የመድኃኒት ከረጢታቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፉ፣ ከዋርፋሪኑና ከላሲክሱ ጎን የማግኒዥየም እንክብል ጠርሙስ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጠርሙሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በውጭ አገር ከሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ነው። ሕመምተኛው «ቫይታሚን» እንጂ መድኃኒት አይለውም፤ ስለዚህም ካልተጠየቀ አይናገርም።

በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሚትራል ቫልቫቸው የጠበበ፣ የላይኛው የልብ ክፍላቸውም በኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚርገፈገፍ አንዲት እናት ለጥቂት ወራት ከቀጠሮ ቀርተው ሲመጡ፣ ቀኝ እጃቸው ዝሎ፣ አንደበታቸው ተይዞ ነበር። ልጃቸው እንዳስረዳችኝ፣ ከዘመድ የተላከላቸውን ማግኒዥየም ከጀመሩ በኋላ «ልቤ ጸጥ አለልኝ» ብለው ዋርፋሪናቸውን አቁመው ኖሯል። እኔም በቀደሙት ቀጠሮዎች ሁሉ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚወስዱት ነገር ይኖር እንደሆነ ጠይቄአቸው አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያ ጥያቄ በሌሎች ባልደረቦች ዘንድ እንዳይዘነጋ፣ እንዲሁም ማግኒዥየም በእርግጥ ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።

ማግኒዥየም በልብ ላይ ያለው ሥራ

በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ 25 ግራም ያህል ማግኒዥየም ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው በአጥንት፣ የቀረው በአብዛኛው በጡንቻና በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የሚገኘው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። በመሆኑም በላቦራቶሪ የሚለካው መጠን በተለመደው ወሰን፣ ማለትም ከ0.7 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ቢሆንም እንኳ፣ በሕዋሳት ውስጥ እጥረት የለም ለማለት አያስችልም።

ማግኒዥየም ሶዲየምን ከሕዋስ እያስወጣ ፖታሲየምን የሚያስገባው ፓምፕ ሥራውን እንዲያከናውን ያስፈልጋል። ካልሲየም ወደ ልብ ጡንቻ ሕዋስ የሚገባበትንም መንገድ ይገድባል። በኩላሊት ደግሞ ፖታሲየም በሽንት እንዳይባክን ይከላከላል። ስለሆነም ማግኒዥየም ለጎደለው ሕመምተኛ የሚሰጠው ፖታሲየም በወንፊት እንደተቀዳ ውኃ ይፈስሳል። ፖታሲየም ተሰጥቶ አልስተካከል ሲል፣ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው የማግኒዥየም እጥረት ነው።

እጥረቱ የሚያጠቃው እነማንን ነው?

በእኛ አገር የሕክምና ሥራ በብዛት የሚያጋጥሙት ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) እንደ ፉሮሰማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ ሽንት አሸኚ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድ፤
ለ) የቆየ ተቅማጥና የምግብ እጥረት፤
ሐ) የአልኮል መጠጥ ማዘውተር፤
መ) በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ፤
ሠ) እንደ ጄንታማይሲን፣ አምፎተሪሲን ቢና ሲስፕላቲን ያሉ መድኃኒቶች፤
ረ) ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚህ ረገድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ለልብ ድካም ፉሮሰማይድና ዲጎክሲን የሚወስድ ሕመምተኛ ተቅማጥ ሲይዘው አደጋው ይደራረባል። የፖታሲየምና የማግኒዥየም ማነስ የዲጎክሲንን መርዛማነት ያባብሳልና።

ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ1966 ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ ደሰርተን ቶርሳድ ደ ፖይንት የተባለውን የልብ ምት መዛባት ገለጸ። በኢሲጂ ላይ የታችኛው የልብ ክፍል ፈጣን ምት በመስመሩ ዙሪያ እንደሚጠመዘዝ ገመድ ሆኖ ይታያል። መነሻው የኪውቲ ርዝማኔ ነው። ይህን የሚያስከትሉ መድኃኒቶች ደግሞ ከእጃችን የራቁ አይደሉም፦ ክሎሮኪን፣ ኪኒን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ኤሪትሮማይሲን፣ እንዲሁም መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጡት ቤዳኩዊሊን፣ ክሎፋዚሚንና ሞክሲፍሎክሳሲን ይጠቀሳሉ።

ሕክምናው ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር መስጠት ነው። የደም ምርመራ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ መጠኑ በደም ውስጥ የተለመደ ቢሆንም መድኃኒቱ ይሠራል። የደም ግፊቱ ላልወረደና ራሱን ለሚያውቅ አዋቂ 2 ግራም ተበርዞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰጣል። የልብ ትርታ ከሌለ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለልብ ማሸትና ለኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሆን፣ ማግኒዥየሙ ከዚያ ጋር በፍጥነት ይገፋል። መንስኤው መድኃኒት መቆም፣ ፖታሲየሙም መስተካከል አለበት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ መድኃኒት ለኤክላምፕሲያ ሕክምና ሲባል በማዋለጃ ክፍላችን የሚቀመጠው ያው መድኃኒት መሆኑ ነው። 50 በመቶ በሆነው አምፑል ውስጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ስለሚገኝ፣ 2 ግራም ማለት 4 ሚሊ ሊትር ነው። አዋላጅ ነርሶች የሚያደርጉት ክትትልም በዚህም ይሠራል፦ የጉልበት ምላሽ፣ የትንፋሽ ቁጥርና የሽንት መጠን ይታያሉ። ምላሹ ከጠፋ ወይም ትንፋሽ ከቀነሰ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ማርከሻውም 10 በመቶ የሆነ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር በዝግታ በደም ሥር መስጠት ነው።

የማይተካው ነገር

በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ምክንያት ልቡ እጅግ ለሚፈጥን ሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዥየም ረዳትነት አለው። በቱኒዚያ የድንገተኛ ክፍሎች በ450 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሎማጊ የተባለው ጥናት፣ ከተለመዱት የልብ ምት ቀናሽ መድኃኒቶች ጋር 4.5 ወይም 9 ግራም የተሰጣቸው ሕሙማን ምታቸው ቶሎ እንደሚረግብ አሳይቷል። 9 ግራሙ ከ4.5 ግራሙ ያን ያህል ብልጫ አልነበረውም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በዝቷል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ማግኒዥየም ለልብ ሁሉ ይበጃል ማለት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመውና 58,050 ሕሙማን የተሳተፉበት አይሲስ 4 የተባለው ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ መሞት ለደረሰባቸው ሁሉ ማግኒዥየም መስጠት ሞትን እንደማይቀንስ አረጋግጧል። በአፍ የሚወሰደው እንክብል ደግሞ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን እንደሚያድን፣ ከስትሮክም እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

በዚህ ሕመም ሕመምተኛው የሚሰማው የትርታ ስሜትና የደም መርጋት አደጋው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትርታው ጸጥ ቢልም፣ በተለጠጠው የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ደም መርጋቱን አያቆምም። ሚትራል ቫልቭ በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ ደረጃ ሲጠብ፣ የደም መርጋት መከላከያው አሁንም አይኤንአር ከ2 እስከ 3 እየተጠበቀ የሚሰጥ ዋርፋሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናትም፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ባስከተለ የሩማቲክ የልብ ሕመም ከዋርፋሪን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻሉ አሳይቷል።

ስለ እንክብሉ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ማግኒዥየም ስለሚጠራቀምበት ያለ ሐኪም ክትትል መውሰድ የለበትም። ለሌሎችም በብዛት የሚታየው የጎንዮሽ ጉዳት ተቅማጥ ነው፤ ተቅማጡም በተራው ፖታሲየምን ያሟጥጣል። በተጨማሪም ማግኒዥየም ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮታይሮክሲን ከአንጀት እንዳይመጠጡ ያግዳል። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ማግኒዥየም ከመውሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ሊወስድ ይገባል። ይህ ማግኒዥየም ያለባቸውን የጨጓራ መድኃኒቶችም ይመለከታል።

የተለየ ሕመም የሌለበት ሰው የሚያስፈልገውን ከማዕዱ ሊያገኝ ይችላል። ለአዋቂ በቀን ከ310 እስከ 420 ሚሊ ግራም ይመከራል፤ 100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ ብቻውን 180 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሰሊጥና ጎመንም መልካም ምንጮች ናቸው። የሊጡ መቡካትም በእህሉ ውስጥ ማዕድናትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የልብ ምት መዛባት ላለበት ሕመምተኛ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል፦ እኛ ካዘዝንልህ ሌላ የምትወስደው ምንድን ነው? ካዘዝንልህስ ያቆምከው አለ? ሰሞኑን ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረብህ? ጥያቄው በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት ሊጠየቅ ይገባል፤ የተላከው ጠርሙስ የዘመድ ፍቅር ምልክት በመሆኑ፣ ሲነቀፍ የሚሸሸገው ጠርሙሱ ነውና። «ይህ ሊጎዳዎት የማይችል ከሆነ ይቀጥሉ፤ ዋርፋሪኑን ግን አይተካም» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ፖታሲየም አልስተካከል ያለው፣ ኪውቲው የረዘመ፣ ወይም ራሱን የሚስት ሕመምተኛ ሲያጋጥም ኢሲጂው ተያይዞ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። ከመላኩ በፊት ግን የማዋለጃ ክፍሉን ቁም ሣጥን ማስታወስ ይጠቅማል። ከላይ የጠቀስኳቸው እናት ዛሬ በከዘራ ይራመዳሉ፤ ዋርፋሪናቸውንም አላቋረጡም። ቃላቸው ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።