ተርቦው ዘይት ሲበላ

ከመኪናችሁ ሥር አንዲት ጠብታ አይታይም፤ ግን በወር ሁለቴ ዘይት ትጨምራላችሁ። የዳሽቦርዱ ቢጫ መብራት ፍሪዌይ ላይ ብልጭ ሲል ልባችሁ ቀጥ ይላል። መካኒኩ ደግሞ ገና ኮፈኑን ሳይዘጋ «ተርቦው ሄዷል» ይላችኋል። ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

እኔ የፌርፋክስ ምግብ ቤት ባለቤት ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ወጣት ሳለሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ የአውቶ ትምህርት ጀምሬ ነበር፤ ኩሽናው ቀድሞ ወሰደኝ። ነገር ግን ጠረጴዛዎቼ ላይ ከእንጀራው ቀጥሎ የሚበዛው የመኪና ወሬ ነው። ታክሲ የነዱ፣ አሁን ኡበርና ሊፍት የሚሠሩ፣ ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ሲመላለሱ የሚውሉ ወንድሞችና እህቶች ክትፎ አዝዘው ስለ ሞተር ነው የሚያወሩት።

ድሮ ወሬው ካምሪ ነበር። ከ2007 እስከ 2009 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ ዘይት በመብላት ታውቆ ነበር፤ ቶዮታም ለዚሁ ችግር ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ያ መኪና ተርቦ እንኳ አልነበረውም። አሁን ግን ትንንሾቹ ሞተሮች ሳይቀሩ ተርቦ ተገጥሞላቸዋል። ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ያገለገለ የጀርመን መኪና በደህና ዋጋ ይገዛል፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ዘይት መጨመር ይጀመራል። (ስሙን ልብ አላችሁልኝ? ተርቦ! ተርቦ ነዋ የሚበላው። ምግብ ቤት ላለው ሰው ይህ ቀልድ አይታለፍም።)

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ትንሽ ጎማ መሰል ነገር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው ሌላው አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ የአገር ቤት ሾፌር ተርቦን የሚወደው ለዚህ ነው፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ይሆነዋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ይመጣለታል፣ ሥራውን ጨርሶ ወፈር ባለ ቱቦ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይመለሳል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። የኩሽናችሁ መታጠቢያ ውኃ ሞልቶ ሲፈስ መታጠቢያውን ትቀይራላችሁ? የታችኛውን ቱቦ ነው የምታዩት። ተርቦም እንዲሁ ነው። የመመለሻው ቱቦ በካርቦን ከጠበበ፣ ወይም ሞተሩ ውስጥ ግፊት በዝቶ ዘይቱ እንዳይወርድ ከያዘው፣ ምንም ያልሆነው ተርቦ በማሸጊያው በኩል ዘይት ይተፋል። ምክንያቱ ሳይነካ አዲስ ተርቦ ብትገጥሙ አዲሱም ይተፋል።

ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ፒሲቪ ቫልቭ የሚባለው ነው። ከተርቦ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። አንድ ደንበኛዬ ለተርቦ ከ3,000 ዶላር በላይ ተጠይቆ፣ «እስቲ መጀመሪያ ፒሲቪውን ቀይሩልኝ» ብሎ ለምኖ አስቀየረ። ጭሱም ቆመ፣ ዘይቱም ቆመ። ሁሉም እንዲህ አይቀናውም፤ ግን ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፦ ከርካሹ ወደ ውዱ።

ለመፈተሽ የኩሽና የላስቲክ ጓንት ይበቃል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ጓንቱን አፉ ላይ አልብሱት። እጅጌያችሁን ሰብስቡ፣ ከሚዞረው ቀበቶ ራቁ፣ ልጆች ደግሞ ከሩቅ ይዩ። በደህና ሞተር ላይ ጓንቱ በቀስታ ወደ ውስጥ ይሳባል። እንደ ፊኛ ከተነፋ ውስጥ ግፊት አለ፦ ወይ ፒሲቪው ተደፍኗል፣ ወይ የፒስተኑ ቀለበት (አገር ቤት ፋሻ የሚሉት) አልቋል። ክዳኑ አልነሳ ብሎ ካስቸገረና ፉጨት ከተሰማ የፒሲቪው ስስ ላስቲክ ተቀዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ የዘይት ጭጋግ እየሳበ ያቃጥላል።

ከዚያ በፊት ግን ልኩን እወቁ። «ብዙ ይበላል» መለኪያ አይደለም። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞቆ ከጠፋ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ፣ ማይሉን ጻፉ። ከ1,000 ማይል በኋላ እንደገና ለኩ። አንዳንድ የጀርመን መኪኖች የመለኪያ ዘንግ የላቸውም፣ በስክሪን ነው የሚታየው። ቶዮታ ለዚያ ለካምሪው በ1,200 ማይል አንድ ኳርት እንደ ድንበር ወስዶ ነበር። በእኔ ግምት ይህም ይበዛል፤ ግን አከፋፋዩ ፊት የሚያስከራክራችሁ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ጭሱንም አስተውሉ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው፣ ጥቁር የበዛ ቤንዚን ነው፣ የማይጠፋ ነጭ ደግሞ የራዲያተር ውኃ ነው። ሰዓቱም ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ሲሎችን ያስጠረጥራል፤ ሲሰጡት እየበዛ የሚሄደው ደግሞ ወደ ቀለበቱ ወይም ወደ ተርቦው ያመለክታል። የተርቦው የአየር ቱቦ ሲፈታ በስሱ የተቀባ ዘይት ቢታይ አትደንግጡ፤ የተጠራቀመ ከሆነ ግን ነገር አለ። ዘንጉ በእጅ ሲነካ ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጫወተ ወይም ክንፉ ግድግዳውን ከነካ፣ ያኔ «ተርቦው ሄዷል» የሚለውን እመኑ።

ቀለበቱ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፣ ሞተር ይከፈታልና። ከ2009 እስከ 2011 ሞዴል የተወሰኑ ባለ 2.0 ሊትር ተርቦ ኦዲዎች በዚህ ጉዳይ ክስ ቀርቦባቸው ነበር፤ ክሱ የተከፈተው በ2013 በዚሁ በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በስምምነት አልቆ ዋስትናው ተራዘመ፤ ያ ጊዜ ግን አልፏል። ስለዚህ በርካሽ የሚሸጥ የእነዚያ ዓመታት ኦዲ ካያችሁ «ቀለበቱ ተቀይሯል ወይ? ወረቀቱን አሳዩኝ» በሉ።

አሁን እናንተ ልጆች፣ ጋራዥ ውስጥ ለአባዬና ለእማዬ የምታስተረጉሙት፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሁለት ቃል ያዙ፦ «ኮምፕሬሽን ቴስት» እና «ሊክ ዳውን ቴስት»። በሁለተኛው የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አየሩ በዘይት መሙያው ከወጣ ቀለበቱ ነው፣ በጭስ ማውጫው ከወጣ ቫልቩ ነው። መካኒኩን «ውጤቱ በቁጥር ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። በካሊፎርኒያ ሕግ ጋራዡ ከመሥራቱ በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ መስጠትና ፈቃድ መቀበል አለበት። ሥራውን ስታዝዙ «የወጣውን ዕቃ እንፈልጋለን» ካላችሁም ማሳየት ይኖርበታል። አባዬ «ተወው፣ ይሉኝታ ነው» ሊላችሁ ይችላል። እናንተ በትሕትና ጠይቁ።

ዘይት እየጨመሩ ብቻ መንዳትስ? ለጊዜው ያስኬዳል። ነገር ግን የሚቃጠለው ዘይት ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ይመርዛል፤ እዚህ ስቴት የሚፈቀደው ዓይነት ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው። ጭስ የሚታይበት መኪናም ስሞግ ቼክ አያልፍም።

ተርቦውን ማቆየት የፈለገ መጽሐፉ የሚያዘውን ሲንተቲክ ዘይት ይጠቀም፣ በየ5,000 ማይሉ ይቀይር። 10,000 የሚሉት ለመኪና ሻጭ ይመቻል እንጂ ለሞተር አይመችም ባይ ነኝ። ወደ ላስ ቬጋስ ስትሄዱ የካሆንን ዳገት ጨርሳችሁ ማደያ ከገባችሁ ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ። ጋለው የቀሩት ክፍሎች ውስጥ የቆመ ዘይት ድስት ሥር እንዳረረ ቅቤ ይጋገራል። የአይሱዙ ሾፌሮች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

አንድ የቀረኝ፦ ለክታችሁ ዘይቱ ጨምሮ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ። በአንዳንድ ትንንሽ የተርቦ ሞተሮች፣ በተለይ ብርድ አገር አጭር መንገድ ብቻ ሲነዱ፣ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ዘመድ ያላችሁ ደውሉላቸው፣ ዘንጉን አውጥተው ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱ ይቀየር። አሮጌውን ዘይት መንገድ ዳር ቱቦ ውስጥ አትድፉ፤ ብዙ የመኪና ዕቃ መደብሮች በነጻ ይቀበላሉ።