ጎርጎራ፦ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር

ጎርጎራ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ የወደብ መንደር ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ በእርሻ፣ ዓሣ በማስገርና በጀልባ ሥራ ይተዳደራሉ። ስሟ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በአብዛኛው የዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫ ስለነበረች ነው፤ እንግዳም የሚመጣላት አብያተ ክርስቲያናቷንና ፍርስራሾቿን ሊያይ ነው። በሐይቁ ውስጥ ያለው ሀብት ግን ከፍርስራሾቹ ይልቅ ብርቅ ሆኖ ሳለ አስታዋሽ ያጣው እርሱ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ ሲደርስ ከገደል ስለሚወረወር፣ በታችኛው ወንዝ ያለ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ከሐይቁ ዓሣ ጋር ሊቀላቀል አይችልም። በዚህ መገለል የተነሣ አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት፣ የሥነ ሕይወት ምሁራን ደግሞ ላቤኦባርበስ ብለው የሚጠሩት ወገን 15 ወደሚሆኑ ዝርያዎች ተከፋፍሏል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ወገኑ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ የሚበላውን በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች የሚፈጭ ስለሆነ፣ አዳኝ ሆኖ መገኘቱ ተመራማሪዎችን ሲያስገርም ኖሯል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ከጠፋ ወዲህ፣ በዓለም ላይ የቀረው የጣናው ብቻ ነው።

ከነጭ ዓሣ ሌላ በአስጋሪዎች መረብ የሚገቡት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። የቀድሞው የማስገሪያ ጀልባ ታንኳ ሲሆን፣ የሚሠራውም በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረዥም ተክል፣ ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እየታሰረ፣ ነዶዎቹም እርስ በርስ እየተጠፈሩ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና ጠባብ ጀልባ ይወጣዋል። ታንኳ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ፣ ከሥራ ሲመለስ ከውኃው ወጥቶ በቁሙ ተደግፎ እንዲንጠፈጠፍ ይደረጋል፤ እንዲህም ተይዞ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም። በዚህ ጥበብ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው፤ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን ሲያገሏቸው ኖረዋል፤ ሆኖም ያለ እነርሱ ሙያ የጣናን ኑሮ ማሰብ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ ወዲህ የማስገሩ አቅም እጅግ ጨምሯል።

በአካባቢው ከሚጎበኙት ሁሉ ቀዳሚ ሊሆን የሚገባው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ምሥረታው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚመለስ ሲሆን፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች የመጀመሪያው የጎንደር የአሣሣል ስልት፣ ማለትም ደማቅ ቀለምና ጉልህ መስመር የሚታይበት ጥበብ፣ ምስክሮች ናቸው። ወደ ምዕራብ በሚገኘው ባሕረ ገብ መሬት የስፔኑ ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ለሱስንዮስ ቤተ መንግሥት የሠራበት ሥፍራ አለ፤ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈውም በጎርጎራ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት መቀበሉ ብዙ ደም ካፋሰሰ በኋላ በ1632 መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። የማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳምና በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው ሐውልትም በቅርብ ርቀት ላይ ናቸው። በቅርብ ዓመታትም ጎርጎራ ከኮይሻና ከወንጪ ጋር ለገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተመርጣ መዝናኛ ተገንብቶባታል።

ይህ ሁሉ እንግዳ ለመሳብ ቢበጅም ለዓሣው ዋስትና አይሆንም። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካታዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው እንደ መገጭና ድርማ ወዳሉ ገባር ወንዞች ስለሚተሙ፣ መረብ በወንዙ አፍ የጣለ ሰው ዘሩን ከእናቱ ጋር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ ዳርቻ መስፋፋቱ የታወቀው እንቦጭ የተባለው አረም ደግሞ ጥልቀት የሌለውን የዳር ውኃ እየሸፈነ የታንኳ መንገድና የጫጩት ዓሣ መጠለያ ያጠፋል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፎች ማስገርን መከልከልና ክልከላውን በእርግጥ ማስከበር፣ በጎርጎራ ከሚታሰበው ከማናቸውም አዲስ ግንባታ መቅደም ይኖርበታል።