ስለ የጁ ምድር አቀማመጥ፥ ስለ ውሃውና ስለ ማሽላው

የጁ የተባለው አገር ከወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ታላቅ ገደል ላይ እንደ ደረጃ ሁኖ የተቀመጠ ነው። ወልድያ በደረጃው መካከል ናት፤ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእርስዋ በስተ ደቡብ መርሳና የሐብሩ ወረዳ ሜዳ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ቀድሞ የጁ አውራጃ ሲባል ወልድያ የአውራጃው ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። የአስተዳደሩ ስም በየዘመኑ ቢለዋወጥም በዚያ አገር የተሾመውን ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ አልተለወጠም፤ ይኸውም ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሜዳውን ሳያጠግብ ለምን ያልፋል የሚለው ነው።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ላስታ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ የወጣ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ከወይና ደጋው ወጥቶ ብርዳም ደጋ ላይ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ላይ የሚዘንበው ዝናም ዕጣው ሁለት ነው። ወደ ምዕራብ የወረደው ከተከዜ ጋራ ወደ አትባራና ወደ ዓባይ፥ በመጨረሻም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ግን ወደ አፋር በረሃ ገብቶ ከባሕር ሳይደርስ በአሸዋና በፀሐይ ይጠፋል። ሚሌ ወንዝ ከአዋሽ ጋራ ይገናኛል፤ አዋሽም ራሱ መጨረሻው አቤ የሚባለው ሐይቅ ነው። ሐብሩ በሰሜን በአላ ውሃ ከቆቦ፥ በደቡብ በሚሌ ከደቡብ ወሎ የሚለይ፥ በምዕራብ ከጉባ ላፍቶ፥ በምሥራቅ ከአፋር የሚዋሰን ወረዳ ነው።

የምድርን አፈጣጠር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ተራራዎቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የአፋር ምድር ሲሰምጥ በደጋው ግርጌ ረጃጅም ጎድጓዳ ሜዳዎች ተፈጠሩ፤ የቆቦና የጊራና ሜዳ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጎድጓዳውን የሞላው ጎርፍ ከተራራው ያወረደው አፈር፥ አሸዋና ጠጠር ነው። ስለዚህ የሜዳው ለምነት ከተራራው የተገኘ ነው፤ ተራራው እየተራቈተ በሄደ ቍጥር ግን ጎርፉ በአፈር ፋንታ ድንጋይ አምጥቶ በማሳው ላይ ይጥላል። በጠጠሩና በአሸዋው መካከል ደግሞ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ተከማችቷል።

ዝናሙ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፥ ክረምት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን። በሲሪንቃ በ1850 ሜትር ከፍታ ላይ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ሲዘንብ፥ በቆቦ በ1470 ሜትር ከፍታ 650 ያህል ብቻ ይዘንባል። የአገሩ ዋና እህል ማሽላ ነው። ደጋሌትና ጅጉርቲ የሚባሉት ነባር ማሽላዎች በበልጉ እርጥበት በሚያዝያ ተዘርተው የክረምቱን ዝናም ጨርሰው የሚደርሱ ናቸው። በልጉ ከቀረ ገበሬው ማሽላውን ትቶ በሐምሌ ጤፍ ይዘራል። ጤፍ በገበያ የተወደደ እህል ነው፤ ነገር ግን የማሽላን ያህል አገዳ የለውም፤ አገዳው ደግሞ የከብት መኖ፥ የማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። ስለዚህ በልግ የቀረበት ዓመት፥ ክረምቱ ቢሰምር እንኳ፥ ለከብቱ የችግር ዓመት ነው። የዘር ሪፖርት የሚቀበል ሹም የተዘራውን መሬት ስፋት ብቻ ሳይሆን በሚያዝያ የተዘራውን ከሐምሌው ለይቶ ቢጠይቅ ችግሩን ብዙ ወራት አስቀድሞ ያውቀዋል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰው ረኃብ፥ ቀጥሎም የ1977ቱ፥ ብዙ ሕዝብ የፈጁት ወሬው ዘግይቶ ስለ ተሰማ ጭምር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የአንበጣ መንጋ በሰሜን ወሎ ቆላ ወረዳዎች ላይ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ በልቷል።

ገበሬው ውሃን በመጠቀም ረገድ ሰነፍ አይደለም። ጎርፉን በድንጋይና በቅርንጫፍ ከመንገዱ መልሶ ወደ ማሳው ማስገባትን ከአባቶቹ የተማረው ነው፤ ተራውንም የሚያከፋፍለው በሕዝቡ የተመረጠ የውሃ አባት ነው። መርሳና ጊራና የመስኖ ውሃ ባለበት ስፍራ ብርቱካን፥ ማንጎ፥ ሙዝና ፓፓያ ያፈራሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ እያስቈፈረ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ማሳ ማውጣት ጀመረ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም ጉድጓዱን የሚሞላው ያው በተራራው ላይ የሚዘንበው ዝናም ስለ ሆነ፥ ከላይ እርከን ሳይሠራና ገደላገደሉ ከከብት ሳይከለል ከታች ብዙ ሞተር መትከል ካልተከፈለ ደመወዝ ላይ እንደ መበደር ነው።

የማሽላው ሁለተኛ ጠላት አቀንጭራ ነው። ሐምራዊ አበባው ለዓይን ያምራል፤ ሥሩ ግን በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠዋል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይኖራል፤ የሚበቅለውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ቅመም ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ በፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቅመም በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ ማሽላዎችን አዳቅለው ስላስገኙ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዘሮች የተገኙት ከዚሁ ሥራ ነው። እነዚህ ፈጥነው የሚደርሱ በመሆናቸው በልግ ለቀረበት ዓመት ይጠቅማሉ፤ ቁመታቸው አጭር ስለ ሆነ ግን አገዳ የሚፈልገው ገበሬ ሙሉ በሙሉ አልወደዳቸውም፤ በዚህም አይፈረድበትም።

ከነባሮቹ ዘሮች መካከል ወተት በጉንጬ የሚባለው አለ። ፍሬው ሲደርቅ የሚጨማደድና ሚዛን የማይደፋ ስለ ሆነ ገበሬው ለጎተራ ሳይሆን ለእሸት ጥብስ ብሎ በሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት ይዘራዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 የፑርዱ ሊቃውንት ሲንግና አክስቴል ከዓለም የተሰበሰቡትን ብዙ ሺህ የማሽላ ዓይነቶች መርምረው፥ ላይሲን የተባለው ለሕፃናት ዕድገት የሚያስፈልገው የምግብ ንጥረ ነገር ከሁሉ በልጦ የተገኘባቸው ሁለት ማሽላዎች ከወሎ የሄዱ መሆናቸውን አስታወቁ። ያ ዓመት የወሎ ሕዝብ በረኃብ ያለቀበት ዓመት ነበረ። አጭር ጊዜ የሚፈጁት አዳዲስ ዘሮች በተስፋፉበት ቀበሌ ይህን የመሰለው ዘር በቅድሚያ የሚጠፋ ነውና፥ የግብርና ሠራተኞች በመከር ጊዜ ከየገበሬው ጥቂት ዛላ ሰብስበው ስሙንና የተገኘበትን ቀበሌ ጽፈው ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከል ቢልኩ ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።