ሥራቸውን እየወደዱ የሚዝሉ ነርሶች

የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ታካሚዋን አክማ አትሸኝም። ሄሞዲያሊሲስ የሚባለው ይህ እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሕክምና ነው፤ ንቅለ ተከላ ካልተገኘ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ከአንድ ታካሚ ጋር የልጁን ሠርግ፣ የቤት ኪራዩን ጣጣ ሁሉ እየሰማች ዓመታት ታሳልፋለች። ሲሞትባት ግን ወንበሩ ለተረኛው ይሰጣል፤ ለማዘን የተመደበ ሰዓት የለም።

ሥራው ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በታካሚው ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የተገጣጠመውን የደም ሥር በጣቷ ዳስሳ ንዝረቱን ታረጋግጥና ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች ትወጋለች፤ አንዱ ደሙን ወደ ማሽኑ ያወጣል፣ ሌላው ይመልሳል። በመሐል የደም ግፊቱ ድንገት ቢወርድ ራሱን ዝቅ አድርጋ፣ ማሽኑ ከሰውነቱ ፈሳሽ መቀነሱን አስቁማ የጨው ፈሳሽ (ሳላይን) ትሰጠዋለች። እሷ እዚህ ስትረባረብ የሌላው ማሽን ደወል ይጮኻል። በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ደግሞ የጨረሰው ሳይነሣ ተረኛው በር ላይ ይጠብቃል።

እንዲህ ያለው ጫና የሚያስከትለውን የሥራ ዝለት ተመራማሪዎች የሚለኩት በአብዛኛው ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጠይቅ ነው። መጠይቁ ሦስት ነገሮችን ያያል፦ የስሜት መሟጠጥን፣ ለታካሚ ደንታ ማጣትንና የሠሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየትን። በ2015 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 417 የሄሞዲያሊሲስ ነርሶች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። ነርሶቹ በሥራቸው መርካታቸውን ተናገሩ፤ የዝለታቸው መጠን ግን ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። በዕድሜ የገፉትና በክፍሉ የቆዩት ይበልጥ ረክተዋል፤ ወጣቶቹ ይበልጥ ዝለዋል። ለእኔ የዘርፉ ቁልፍ ግኝት እርካታና ዝለት አብረው መገኘታቸው ነው፤ ነርሷን የሚያስደስታት ቅርበት የሚያደክማትም እሱው ሊሆን ይችላልና። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ዝለትን ከሥራ ጫና፣ ከሥራ ቦታው ሁኔታና ጊዜ አጥሮ ሳይሰጥ ከሚቀር እንክብካቤ ጋር አያይዞታል።

በኢትዮጵያ ሌላ ሸክም ይታከላል። ከኪሱ የሚከፍለው ታካሚ ገንዘብ ሲያጥረው እጥበቱን በሳምንት ወደ ሁለት፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ቀን ያወርዳል። አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ቀን መሆኑን ነርሷ ታውቃለች፤ ቀኑን የመስጠት ሥልጣን ግን የላትም።

ለነርሶች የሚሰጥ የጭንቀት ማስታገሻ ሥልጠና አይጠላም፤ የሰው ኃይል እጥረትን ግን አይተካም። የሰው ኃይሉን ቁጥር በተመለከተ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ እንኳ በእጥበት ማዕከል ታካሚ እስካለ ድረስ ፈቃድ ያለው ነርስ እንዲገኝ ያዛል እንጂ አንድ ነርስ ስንት ታካሚ እንደምትይዝ በቁጥር አይወስንም፤ ቁጥር ያስቀመጡት ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ብቻ ናቸው።