ሬዲዮ እንደ ምጣድ ይሟሻል ወይ?

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ጎመን ዘር ታሽቶበት ነው ሊጡ ሳይጣበቅ የሚነሣው። በባሕር ዳር ገበያ አዲስ ሬዲዮ ገዝተን ድምፁ ሲሻክርብን፣ አንዳንድ ሻጭ ይህንኑ የምጣድ ነገር ያመጣብናል። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ አንድ ወር ሲሠራ ይለሰልሳል» ይለናል። እውነት ነውን?

በአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ እውነትነት አለው። አዝማሪው ለመሰንቆው አዲስ የፈረስ ጭራ ሲገጥም፣ ጭራው እየተለጠጠ ድምፁ ይወርዳል። እስኪረጋ ድረስ ደጋግሞ ይወጥረዋል። ከበግ አንጀት የሚሠራው የበገና አውታርም እንደዚሁ ነው። ከበሮማ አሮጌም ቢሆን፣ በክረምት የጣና ዳር እርጥበት ሲነካው ቆዳው ስለሚላላ ፀሐይ መሞቅ ይፈልጋል።

ሬዲዮ ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች በሥራ ብዛት አይለሰልሱም። የሚንቀሳቀሰው ዋናው ነገር ስፒከሩ ነው። ስፒከር ማግኔት፣ የተጠቀለለ ሽቦና አፉ የሰፋ ወረቀት አለው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ማግኔቱ ሽቦውን ይስበዋል፣ ይገፋዋል። ወረቀቱም አብሮ እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይመታል፤ ድምፅ የምንሰማው በዚህ ነው። ወረቀቱን ዙሪያውን የያዘው ጠርዝ አዲስ ሳለ ጥቂት ይደርቃል፣ ሲሠራ ይፍታታል። ይህም በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓቶች ያልቃል፤ ለውጡንም ጆሮ እምብዛም አይለየውም። (የድሮው ባለ አምፑል ሬዲዮ «እስኪሞቅ» ይጠበቅ ነበር። እሱ ግን በተከፈተ ቁጥር ነው እንጂ ማሟሸት አይደለም።)

ታዲያ ሰው «ለሰለሰልኝ» የሚለው ለምንድን ነው? የሚለምደው ጆሮው ነው። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ወፍጮውን መስማት እንደሚተው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት አንድ ዓይነት ሬዲዮዎች ገዝቶ አንዱን ወር ሙሉ ማሠራት፣ ሌላውን በካርቶኑ መተው ነው። ከዚያ ሁለቱንም በነጠላ ሸፍኖ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርጎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማሰማት ይበቃል።

ወረቀቱ የተቀደደ ወይም ሽቦው ማግኔቱን የሚፈገፍግ ስፒከር ቢቆይ አይሽርም፤ ይብስበታል። ከዘጌ ቡናውን ሸጦ በጀልባ የመጣ ገዢ ወር ጠብቆ ቢመለስ፣ «አንተው ነህ ያበላሸኸው» ይባላል። ስለዚህ ገና ሱቁ ውስጥ ሳለን እንፈትነው። ድምፁ ከሻከረ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን በአዲስ እንለውጥ፤ የደከመ ድንጋይም ድምፅ ያሻክራልና። ከዚያ ሌላ ተመሳሳይ ሬዲዮ አስከፍተን፣ ዘፈን ሳይሆን ዜና እያሰማን እናስተያይ። የሰው ንግግር ሲበላሽ ጆሯችን ቶሎ ያውቀዋል።